በሴንት ፖል የሰፋናት ጀልባ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ፣ ሮዝቪል ገበያ መሃልም ይሁን መስጊድ በር ላይ፣ «አቶ ኢድሪስ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» ይለኛል። «ሙዚየም ነበርኩ» ስል አብዛኛው «ሴኩሪቲ?» ብሎ ይጠይቃል። አልፈርድበትም። ከእኛ ሰው ሙዚየም የሚገባው ወይ ለጥበቃ ነው፣ ወይ ልጆቹ ጎትተውት ነው። «አናጢ ነበርኩ፤ ጀልባም ሰፍቻለሁ» ስለው ደግሞ «ሠርቻለሁ ለማለት ነው?» ብሎ ያርመኛል። የለም፣ መስፋት ነው። ጣውላን ከጣውላ ጋር በገመድ፣ ልብስ እንደሚሰፋ። ይህን ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

የተወለድኩት ምጽዋ ነው። አባቴ ሳንቡክ የሚባለውን የቀይ ባሕር የእንጨት መርከብ ይጠግን ነበር። እኔ እዚያው በአማርኛ ተማርኩ፣ መጋዝና መሮ ከአባቴ ተቀበልኩ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ቁም ሣጥን፣ ካርቱም በርና መስኮት ስሠራ ኖርኩ። አሜሪካ፣ ሚኔሶታ እንደገባሁ የመስኮት ፋብሪካ ተቀጠርኩ። አለቃው መልካም ሰው ነበር፣ ክፍያውም አይከፋም፤ ግን ማሽኑ ጣውላውን ይውጥና መስኮት አድርጎ ይተፋዋል፣ እኔ ቁልፍ ብቻ እጫናለሁ። እጄ ሥራ ፈታ። ማታ ኮሎምቢያ ሃይትስ አፓርታማችን ስገባ የቤቱን ወንበር ሁሉ ፈታታሁና መልሼ ገጠምኩ። ባለቤቴ ፋጡማ «ወይ ሌላ ሥራ ፈልግ፣ ወይ ወንበሬን ተወኝ» አለችኝ።

ሌላ ሥራ ያገኘሁት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ባለ አንድ ሙዚየም ወርክሾፕ ነው። ኃላፊው ሚስተር ሃልቮር ይባሉ ነበር። አያቶቻቸው ከኖርዌይ የመጡ፣ ቁመታቸው በር የማይበቃው፣ ድምፃቸው ግን እንደ ልጅ ቀጭን የሆነ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አንተንና አንቱን አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ስላቸው ስለኖርኩ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ። ለፈተና ብለው አንድ ጣውላ ሰጡኝና «ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። አገላበጥኩት፣ አሸተትኩት። «ጥሩ ጣውላ ነው፤ የቆረጠው ሰው ግን ቸኩሏል» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ሰኞ ና» አሉ።

የሃልቮርን አመል ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ወርክሾፑን የሚጠርጉት ሥራ ሲያልቅ ሳይሆን ሥራ ሲጀመር ነው። ንጹሕ ቢሆንም ይጠርጉታል። እየጠረጉ ነው የዕለቱን ሥራ የሚያስቡት፤ በዚያ ሰዓት ቢያናግሯቸው አይሰሙም። ጣውላ ሲለኩ ምልክት ያደርጉና ትተውት ይሄዳሉ። እጃቸውን ይታጠባሉ፣ በመስኮት የሰውን መኪና ያያሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ምንም እንዳልለካ ሰው እንደ አዲስ ይለካሉ። መጀመሪያ ላይ የረሱ መስሎኝ «ለክተውታል እኮ» እላቸው ነበር። «እሱ የለካው ሌላ ሰው ነው» ይሉኛል። የሰውን ስህተት በሰው ፊት አያነሱም። ምስጋናቸው ደግሞ አንድ ብቻ ናት፤ «ክፉ አይደለም» ይላሉ። ይህችን የሰማ ሰው ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ይውላል። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ወርክሾፑን እኔ ተረከብኩ፤ አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚነድፉ ወጣቶች ይዘውታል። ጎበዞች ናቸው። አንዳቸውም ግን ጠዋት ሲጠርግ አላየሁም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዬ ዕቃ ማቆሚያ መሥራት ነበር። መስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ሁሉ የሚይዘው ነገር አለ። ቀጭን የነሐስ ዘንግ በእሳት እያለሰለስን እናጥፋለን፣ ዕቃውን እንዳይጭረው ጫፉን በስስ ቆዳ እናለብሳለን፣ ከዚያ የዕቃውን ቀለም እንቀባዋለን። ተመልካች ማቆሚያውን ካየው ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። ሰው እንዳያየው ብዬ የምደክምለት ሥራ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወደድኩት።

አንድ ዓመት፣ በመኸር፣ አዲስ ኤግዚቢሽን እንደሚዘጋጅ ተነገረን። ስለ ጥንቱ የቁንዶ በርበሬ ንግድ ነው። አዘጋጇ ሰልቪ የምትባል የደቡብ ሕንድ ታሚል ናት፤ ሮዝቪል የምትኖር፣ የታሪክ አስተማሪ፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት። ወርክሾፓችን መጥታ ቆማ ነገረችን። የሮም ገዢዎች ግብጽን ከያዙ በኋላ መርከቦች ከቀይ ባሕር ወደቦች ይነሣሉ፤ ወደ ሕንድ የሚገፋውን ነፋስ ጠብቀው ውቅያኖሱን ይሻገራሉ፤ ቼራ፣ ቾላ፣ ፓንዲያ የሚባሉት የታሚል ነገሥታት አገር ሲደርሱ ወርቅ፣ ወይን ጠጅና መርጃን የሚባለውን ቀይ የባሕር ጌጥ አራግፈው ቁንዶ በርበሬ፣ ዕንቁና ስስ የጥጥ ጨርቅ ይጭናሉ። ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ይመለሳሉ። «አንዳንዶቹ አዱሊስም ጎራ ይሉ ነበር» ስትል ጆሮዬ ቆመ።

«አዱሊስ እኮ ሰፈራችን ነው!» አልኳት። ፍርስራሹ ከምጽዋ በመኪና ሩቅ አይደለም።

«እንግዲያው እኔና አንተ የጥንት ደንበኞች ነን» አለችኝና እጄን ጨበጠች።

ከተዋስናቸው ዕቃዎች አንዱ የሸክላ ስባሪ ነበር። ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ግብጽ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ ነው፤ ግን የተጫረበት ፊደል ታሚል ነው። ማቆሚያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰልቪ ልታየው መጥታ ፊደሉን ጮክ ብላ አነበበችው። «ጸሎት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የለም። የአንድ ሰው ስም ነው።»

«ስሙን ማሰሮው ላይ ለምን ይጽፋል?»

ሰልቪ ወደ ምሳ ክፍላችን ወሰደችኝና ፍሪጁን ከፈተችው። እያንዳንዱ የምሳ ዕቃ ላይ የባለቤቱ ስም ተለጥፏል። የእኔም አለ፣ የሃልቮርም አለ። «አገሩን ጥሎ ሩቅ ወደብ ላይ የሠራ ሰው ነው። ጓደኞቹ ምሳውን እንዳይበሉበት ነው» አለች። ሁለታችንም ፍሪጁን ከፍተን ቆመን ስንስቅ የሙዚየሙ ዲሬክተር በአጠገባችን አለፈች። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ስባሪ ባየሁት ቁጥር ሰውየው የማውቀው የሥራ ባልደረባ መስሎ ይታየኝ ነበር።

የጀልባዋን ሐሳብ ያመጣችው ሰልቪ ናት። «ሁሉም ነገር መስታወት ውስጥ ነው። ሕፃናት ምን ይንኩ?» አለች። ትልልቆቹ መርከቦች ጥልቅ ውኃ ላይ ሲቆሙ ጭነቱን ወደ ባሕሩ ዳር የሚያመላልሱት ትንንሽ ጀልባዎች ናቸው። በእሷ አገር በኩል እንዲህ ያሉት ጀልባዎች በቅርብ ዘመንም ያለ ምስማር፣ ከኮኮናት ቅርፊት በተፈተለ ገመድ ብቻ እየተሰፉ ይሠሩ ነበር። የተሰፋ ጀልባ ሞገድ ሲመታው እንደ ቅርጫት ይለመጣል እንጂ አይሰበርም። «አንዷን እንሥራና ሐይቅ ላይ አንሳፍፈን እንፈትናት፤ ከዚያ አዳራሽ እናስገባት» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሃልቮር «አባትህ መርከብ ሠሪ ነበር አይደል?» አሉኝ።

«ነበር። ግን እሱ የሚያውቀው ምስማር ነው። መርከብ ሲሰፋ አይቼ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁም» አሉ ሃልቮር። «እንግዲያው እኩል ነን።» ደስ ብሏቸው እንደ ነበር ያወቅኩት መጥረጊያውን አንስተው ንጹሑን ወለል እንደገና መጥረግ ሲጀምሩ ነው።

ክረምቱን ሙሉ በእሷ ላይ ቆየን። ሴዳር የሚባለውን ቀላል እንጨት በመላጊያ አሳስተን፣ በእንፋሎት አለስልሰን አጎበጥነው። በየጣውላው ጠርዝ ተርታውን ቀዳዳ በሳን። መስፋቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ጀልባዋ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። ውስጥ ያለው ገመዱን በቀዳዳው ይሰጣል፤ ውጭ ያለው ተቀብሎ በዱላ ጠምዝዞ ያከረዋል፤ እንዳይላላ ውስጥ ያለው ቀዳዳውን በትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ይመታዋል። ጣውላው መሃል ስላለ አይተያዩም፤ ስለዚህ መነጋገር ግድ ነው። እኔ ሳላውቀው በአማርኛ «ሳብ!» «ያዝ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሃልቮር ውጭ ሆነው ይስባሉ፣ ይይዛሉ። ሳምንት ሳይሞላ እሳቸውም በቀጭን ድምፃቸው «ሳአብ!» ማለት ጀመሩ። የቢሮ ሠራተኞች ምን እንደሆነ ለማየት ይመጡ ነበር። ልጄ ሰሚራ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወርክሾፑ ጎራ ብላ ሰማቻቸውና «ዳዲ፣ ሂ ስፒክስ አማሪክ!» ብላ በሳቅ ሞተች። እሷን ራሷን በአማርኛ ለማናገር ስንት ዓመት እንደለፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ግንቦት መግቢያ ላይ፣ በረዶው ከሐይቁ ከለቀቀ ብዙም ሳይቆይ፣ ጀልባዋን ወሰድናት። ለኤግዚቢሽኑ ገንዘብ የረዱ እንግዶች ዳር ላይ ቆመዋል፤ ዲሬክተሯም አለች። እኔና ሰልቪ ውስጥ ገባን፤ ሃልቮር ገፉን። ሰዉ አጨበጨበ። ጀልባዋ እንደ ዳክዬ ቀጥ ብላ ሄደች። ትንሽ እንደሄድን ሰልቪ ዝቅ ብላ አየች።

«ኢድሪስ፣ እግሬ ረጠበ።»

«የእኔም።»

«ይህ ኖርማል ነው?»

«አላውቅም።»

ውኃው በአንድ ቦታ አይደለም የሚገባው፤ በስፌቱ ሁሉ ነው። በእጃችን ብንጨልፍ፣ ሰልቪ በኮፍያዋ ብትጨልፍ፣ ምንም። ጀልባዋ ቀስ ብላ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ ከእግራችን ሥር ወረደች። ጥልቅ አልነበረም፤ ውኃው ወገባችን ጋ ደርሶ ቆመ። ቅዝቃዜው ግን ትንፋሽ ይቆርጣል። ሰልቪ መጀመሪያ ሳቀች፤ ወደ ዳር ስንደርስ አለቀሰች። ጭብጨባው ቆሞ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ብርድ ልብስ ከመኪናው አምጥቶ አለበሳት። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ተበላሽቶብኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን መሬት ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም። ሃልቮር ጀልባዋን በመኪናቸው ጎትተው ወደ ወርክሾፑ መለሷት።

ዲሬክተሯ አልተቆጣችም። ይህ ነው የባሰው። «የጀልባዋ ቦታ ባዶ ሊቀር አይችልም። ትልቅ ስክሪን እናቆምና ፊልም እናሳያለን» አለች በለስላሳ ድምፅ። ሃልቮር «እስከ ሰኔ መጨረሻ ስጪን» አሏት። እሷም «እስከ ሰኔ መጨረሻ» አለች።

ቤት ስገባ ፋጡማ ፊቴን አይታ ደነገጠች።

«ምን ሆነሃል?»

«ሰጠመች።»

«ሰው ሞተ?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያው ልብስህን ቀይርና እራትህን ብላ» አለችኝ። በላሁ።

በማግሥቱ ያየነው የመጀመሪያ ነገር የወርክሾፑን አየር ነው። የሚኔሶታ ክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን እንደ ምድጃ ያደርቀዋል፤ ጣውላው ደርቆ ጠብቧል፣ በጥር ያከረርነው ገመድ በግንቦት ላልቷል። ሃልቮር ጀልባዋን ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወዳለው ቤታቸው ወሰዷት። ጋራዣቸው ማሞቂያ የለውም፤ የወንዙ እርጥበት ይገባበታል። ስፌቱን ሁሉ ፈታነው። አራት ወር የሰፋነውን መፍታት እንዴት እንደሚያም ልብስ ሰፊ ይነግራችኋል።

ሰልቪ ደግሞ አጎቷ ትዝ አሏት። በታሚል አገር ባሕር ዳር የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው እንዲህ ያለ ጀልባ ሲሰፉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በቴሌፎን ካርድ ደወለችላቸው፤ በእኛ ጠዋት፣ በእሳቸው ማታ። የሃልቮር ወጥ ቤት ውስጥ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ሁላችንም ከበብነው። እሷ በታሚል ታወራለች፣ ለእኛ በእንግሊዝኛ ትነግረናለች።

«በገመዱና በጣውላው መሃል ምን አደረጋችሁ? ይላሉ።»

ተያየን። «ምንም» አልኩ።

ስትነግራቸው ከወዲያ በኩል ሳቅ መጣ፤ እያሳለ የሚስቅ የሽማግሌ ሳቅ። እኛም ምኑ እንደሚያስቅ ሳናውቅ ሳቅን። «ሣር ይደረጋል ይላሉ። ስፌቱ ሥር እንደ ትራስ። ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ይዘጋዋል። ግን የፋይበር ግላስ ጀልባ ከመጣ ወዲህ ሰፍተው አያውቁም፣ በእናንተ አገር ምን ሣር እንደሚበቅል ደግሞ እኔ በምን አውቄ፣ ሞክሩ ነው የሚሉት።» ቀጠለች፤ «ደግሞ ከማስሄዳችሁ በፊት አጠጥታችኋታል ወይ ብለው እየጠየቁ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ውኃ። እስክትጠግብ።»

ሞከርን። ገለባ ሞከርን፤ ተሰባበረ። የኮኮናቱን ቃጫ ሞከርን፤ ያሳልፋል። ሃልቮር በልጅነታቸው መንደራቸው የነበረ በርሜል ሠሪ በጣውላዎቹ መሃል የፊላ ቅጠል ይከት እንደ ነበር ትዝ አላቸው። ከቤታቸው በታች ረግረጉ ሁሉ ፊላ ነው! ቦት ጫማ አድርገን ወረድንና የአምናውን ደረቅ ቅጠል በክንዳችን ታቅፈን ተመለስን። በሁለት ቁራጭ ጣውላ መሃል ሰፍተን ባልዲ ውስጥ ነከርነው። ሲያብጥ አንድ ጠብታ አላሳለፈም። ሰልቪ ጋራዡ ውስጥ ጨፈረች።

የእኔ ድርሻ ዘይቱ ነው። ምጽዋ አባቴ የሳንቡኩን እንጨት በሻርክ ጉበት ዘይት ያሽ ነበር። «ሚኔሶታ ሻርክ ከየት ይመጣል?» ስል ሃልቮር ተነሥተው ከመድኃኒት ሳጥናቸው አንድ ጠርሙስ ይዘው መጡ። የዓሣ ጉበት ዘይት። እናታቸው በልጅነታቸው በማንኪያ የሚያጠጧቸው፣ እሳቸውም እስከ ዛሬ ያልተዉት ነው። በከተማው ካሉ ፋርማሲዎች ያገኘነውን ሁሉ ገዛን። አንዷ ሻጭ «ማነው የታመመው?» ብላ በሐዘን ጠየቀችኝ። «ጀልባ ናት» አልኳት። ሽታው ከእጄ ሳሙና አላስለቀቀውም፤ ፋጡማ እስከ ሰኔ ድረስ ሶፋው ላይ አስተኛችኝ።

ሁለተኛውን ስፌት ስንሰፋ ሰልቪም ተጨመረች። እኔ ውስጥ፣ ሃልቮርና እሷ ውጭ። አሁን ሥራው ከአንደኛው ጊዜ ይበልጥ ያምር ነበር፤ እጃችን ያውቀዋል። ገመዱ ሲከር ፊላው ሥሩ ሲጨመቅ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ እንደ አዲስ ጫማ ይንቋቋል። ያንን ካልሰማን አንቀጥልም። ሃልቮር አንዴ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ዳበሱትና «ክፉ አይደለም» አሉ። ሰልቪ «ይህን ያህል ሠርተን ክፉ አይደለም ብቻ?» ብላ ልትቆጣ ስትል እኔ እጇን ያዝኩ። «ዝም በይ፤ ሽልማት ነው» አልኳት።

በሰኔ አጋማሽ ሐይቁ ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ አሰርናትና ተውናት። በማግሥቱ ሞልታ አገኘናት። ጨለፍናት። በሚቀጥለው ቀን እስከ ግማሽ። ጨለፍናት። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት እየሄድን እያየን፣ አንዳንዱን ቀን ተስፋ ቆርጠን፣ አንዳንዱን ቀን ተስፋ አድርገን ተመለስን። ከዕለታት አንድ ጠዋት እኔ ቀድሜ ደረስኩ። ጎንበስ ብዬ እጄን ወለሏ ላይ አደረግኩ፤ ደረቅ ነበር። ሃልቮር ከመኪናቸው ወርደው ሲመጡ እጄን አሳየኋቸው። እጄን ያዙት፣ ነኩት፣ ከዚያ ያ ረዥም ሰው ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ሰማይ ወረወሩት። ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። ማንም አላወጣውም።

ለሰኔ የመጨረሻዋ ቅዳሜ ዲሬክተሯ ማንንም እንዳንጠራ ለምና ነበር፤ ሰልቪ ግን ለሁሉም ተናግራለች። የታሚል ቤተሰቦች በደማቅ ልብሳቸው፣ ከእኛም በኩል የመስጊድ ሰዎች፣ የኮሎምቢያ ሃይትስ ጎረቤቶቼ፣ የሃልቮር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። ምግቡ ብቻ ሁለት ጠረጴዛ ሞላ። ሃልቮርና ሰልቪ መቅዘፊያ ይዘው ገቡ። ሁሉም እግራቸውን ያያል። ዲሬክተሯ ከኋላዬ ቆማ ትንፋሿን ይዛለች። እስከ ሐይቁ መሃል ሄዱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። ሰልቪ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሁለት እግሯን ከፍ ከፍ አድርጋ አሳየች፤ ካልሲዋ ደረቅ ነው። ያኔ የተነሣውን ጩኸት ዳክዬዎቹ አይረሱትም። ዲሬክተሯ አንገቴን አቀፈችኝ፣ የዘይቱ ሽታ ሲደርስባት ለቀቀችኝ፣ ደግማ አቀፈችኝ። ልጆቹ ተሰለፉ፤ እየተጫኑ ሄዱ፣ እየተጫኑ መጡ።

ፋጡማ ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆማ ነበር። የከረን ልጅ ናት፤ ውኃ የምትወደው ብርጭቆ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ምጽዋ በነበርንበት ጊዜ እንኳ ሳንቡክ ላይ አልወጣም ብላ አስቸግራኛለች። እኔ ሰዎች እንኳን ደስ ያለህ ሲሉኝ ቆሜ ሳለሁ ሰሚራ ክንዴን ጎተተችኝ። «ዳዲ፣ ሉክ!»

ዞር ስል ፋጡማ የዒድ ጫማዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የሃልቮርን ክንድ ተደግፋ፣ ጀልባዋ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች።

«ምን ትገተራለህ? ና እንጂ!» አለችኝ።

ገባሁ። ሃልቮር ቀዘፉ። ዳሩ ራቀ፤ የሰዉ ድምፅም እየቀነሰ ሄደ። ፋጡማ መጀመሪያ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር፤ ቆየት ብላ አንዱን ለቀቀች፤ ቆየት ብላ ጣቶቿን ውኃው ውስጥ አደረገች።

«በየቀኑ ሥራ ሥራ እያልክ የምትሮጠው ለዚህ ነበር?» አለችኝ።

«ለዚህ ነበር።»

«ታዲያ ቀደም ብለህ አታመጣኝም ነበር?»

ይህን ብላ ወደ ሃልቮር ዞረች። እንግሊዝኛዋ አልበቃ ሲላት በጣቷ ትልቅ ክብ ሠርታ ሐይቁን ሁሉ አሳየቻቸው። ገባቸው። ጀልባዋን ከዳሩ መለሷትና ሐይቁን ዞርን፤ ልጆቹ ተራችን ነው እያሉ ሲጮኹ ፋጡማ አልሰማቻቸውም።